በላተኞቹ ሕዋሳትና የማይፈጨው ትቢያ

ልጅ ያሳደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ባዶ እግሩን ሲሯሯጥ የዋለ ሕፃን ማታ «እግሬን ወጋኝ» ብሎ ያለቅሳል። እሾሁን በመርፌ ፈልፍላችሁ ስታወጡለት ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። በማግሥቱ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩትም ይፋጃል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ መግል ይቋጥርና ይፈርጣል፤ ያቺ ስባሪ እሾህም ከመግሉ ጋር ተገፍታ ትወጣለች። እግሩ ይታጠባል፤ ነገሩም ይረሳል።

ለመሆኑ ያ መግል ምንድን ነው? «የተበላሸ ደም ነው» ሲባል እንሰማለን። መግል በአብዛኛው በሥራ ላይ እንዳሉ የሞቱ የራሳችን ነጭ የደም ሕዋሳት ክምችት ነው። ከእሾሁ ጋር የገቡትን ባክቴሪያዎች እየዋጡ ሲፈጩ ቆይተው፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ እዚያው የወደቁ ናቸው። ሕዋሳት ባዕድ ነገርን የሚውጡበት ይህ ተግባር በሕክምና ቋንቋ ፋጎሳይቶሲስ ይባላል። የዛሬው ዓምዳችን ስለ እነዚሁ በላተኛ ሕዋሳት ይሆናል፤ ስለሚሠሩት ሥራና ስለሚያቅታቸውም ጭምር። በተለይ የሚያቅታቸው ነገር፣ በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚሄድ ቤተሰብን ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እንድትከታተሉት እንጠይቃለን። ዓመቶቹን በሙሉ የጠቀስነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሳይንስ ሰዎችም የእነዚህን ሕዋሳት ተግባር የተረዱት በእሾህ ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1882 ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ በሩሲያ ግዛት የተወለደ የሥነ እንስሳት ተመራማሪ በኢጣሊያ አገር፣ በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና በተባለችው የወደብ ከተማ ከቤተሰቡ ጋር ይኖር ነበር። አንድ ቀን ቤተሰቡ ሰርከስ ለማየት ሲወጣ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቤት ቀረ። ይመረምር የነበረው የባሕር ኮከብ የሚባለውን የባሕር እንስሳ እጭ ነው። እጩ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ወዲያና ወዲህ ሲዘዋወሩ በግልጽ ይታያሉ። ሜችኒኮፍ ይህን እያየ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ እነዚህ ተዘዋዋሪ ሕዋሳት ሰውነትን ከባዕድ ነገር የሚጠብቁ ቢሆኑስ? እንዲህ ከሆነ እጩን እሾህ ቢወጉት ሕዋሳቱ መሰብሰብ አለባቸው። ወደ ግቢው ወጥቶ የጽጌረዳ እሾህ ቀጠፈና በእጩ ቆዳ ሥር ሰካው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ ሮጦ ቢያይ እሾሁ በሕዋሳት ተከብቦ አገኘው።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርምን በሰውነት ውስጥ የሚያሰራጩ ናቸው ብለው ያምኑ ስለነበር ሜችኒኮፍ ለዓመታት መከራከር ነበረበት። ከ1888 ጀምሮ በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ሲሠራ ቆይቶ በ1908 የኖቤልን ሽልማት ከጀርመናዊው ከፓውል ኤርሊክ ጋር ተካፈለ። የሽልማቱ መካፈል በራሱ ትርጉም ነበረው። ኤርሊክ ሰውነትን የሚጠብቀው በደም ውስጥ ያለ ፈሳሽ ነገር ነው የሚሉት ወገኖች መሪ ነበር፤ ኋላ እንደታየውም ሁለቱም ወገኖች ልክ ነበሩ። በነገራችን ላይ በላብራቶሪ ሥራ ትረዳው የነበረችውና ከሞተ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ጽፋ ያቆየችልን ባለቤቱ ኦልጋ ናት። በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ የሚስቶች ድርሻ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ስለሚታለፍ እዚህ ላይ ማንሣታችን ተገቢ ይመስለናል።

በላተኛው ሕዋስ አፍም ጥርስም የለውም። ታዲያ እንዴት ይበላል? አበላሉን ለመረዳት ማዕድ ላይ እጃችንን ብንመለከት ይበቃል። በእንጀራ ቁራሽ ወጡን ከበብ አድርገን፣ ጠቅልለን እንደምንጎርስ ሁሉ፣ ሕዋሱም ጀርሙን በነካ ጊዜ ስስ ሽፋኑን በግራና በቀኝ ይዘረጋና ይከበዋል፤ ዳርና ዳሩን ያገጥመዋል፤ ከዚያም ጀርሙን በትንሽ ከረጢት ውስጥ እንደተጠቀለለ ወደ ውስጡ ያስገባዋል። በሕዋሱ ውስጥ የሚያቃጥልና የሚፈጭ ፈሳሽ የያዙ ሌሎች ከረጢቶች አሉ። እነዚህ ሄደው ከመጀመሪያው ከረጢት ጋር ይቀላቀላሉ። ከሚረጩት መርዝ አንዱ ልብስ ለማንጻት በምንጠቀምበት በበረኪና ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሰውነታችን በረኪናውን በልክ፣ በዚያች ከረጢት ውስጥ ያዘጋጀዋል ማለት ነው። መግል አንዳንድ ጊዜ አረንጓዴ የሚመስለውም ለዚህ ሥራ ከሚያገለግል አንድ ንጥረ ነገር ቀለም የተነሣ ነው።

ዋናዎቹ በላተኞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ኒውትሮፊል ይባላሉ። የአጥንታችን መቅኔ በየቀኑ 100 ቢሊዮን ያህል ያመርታል። ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በደም ውስጥ እየዞሩ ቁስል ወዳለበት ፈጥነው ይደርሳሉ፣ ይበላሉ፣ ይሞታሉ። የቁስሉ ዙሪያ የሚቀላውና የሚሞቀው እነርሱ ከደም ሥር ወጥተው እንዲያልፉ የደም ሥሮቹ ስለሚሰፉ ነው። ሁለተኞቹ ማክሮፌጅ ይባላሉ፤ ትርጉሙም ትልቅ በላተኛ ማለት ነው። እነዚህ ረዘም ያለ ዕድሜ ያላቸው ሲሆኑ በሳንባ፣ በጉበት፣ በጣፊያና በቆዳ ሥር ሠፍረው ይኖራሉ። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚወጣውን ንፍፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ቦታ የእነዚህ ሕዋሳት ማደሪያ ነው፤ ከእግር የመጣውን ጀርም እዚያ ተቀብለው ሲታገሉ ያብጣል።

አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ጀርሞች የሚያንሸራትት ልባስ ስላላቸው በላተኛው በቀላሉ አይጨብጣቸውም። በ1903 በእንግሊዝ አገር አልምሮት ራይት እና ስቱዋርት ዳግላስ የተባሉ ሐኪሞች በደም ፈሳሽ ውስጥ ጀርሙን ቀብቶ ለመበላት የሚያመቻች ነገር መኖሩን አሳዩ። ስሙንም ኦፕሶኒን አሉት። ቃሉ የግሪክ ነው፤ የጥንት ግሪኮች ኦፕሰን ይሉት የነበረው ከእንጀራ ጋር የሚበላውን ማባያ፣ በእኛ አነጋገር ወጡን ነው። ደረቅ እንጀራ አልዋጥ ሲል ወጥ እንደሚያስውጠው ማለት ነው። ክትባት ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው፤ ጀርሙ ገና ሳይመጣ ሰውነት ወጡን ሠርቶ እንዲጠብቅ ያደርጋል።

በላተኞቹ የሚበሉት ጀርም ብቻ አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። ሲያረጅ በጣፊያና በጉበት ያሉት ማክሮፌጆች ይውጡትና በውስጡ ያለውን ብረት አውጥተው ለአዲስ ደም መሥሪያ ይመልሱታል። በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመለሰው ብረት ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ሲሆን ከምግብ የምናገኘው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። አሮጌ ቀሚስ ፈትታ ለልጇ ልብስ የምትሰፋ እናት ይህን ቁጠባ በደንብ ትረዳዋለች። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ለፅንሱና ለተጨማሪው ደም የሚያስፈልጋት ብረት ከዚህ ስለሚበልጥ በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረት እንክብል መተው የለባትም።

ስለ እንገርም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። በአንዳንድ አካባቢ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት «ለሆድ አይስማማም» እየተባለ ታልቦ ይደፋል፤ ለአራሱ ልጅም ቅቤ ወይም ውሃ ይቀመስለታል። በዚያ በሚደፋው እንገር ውስጥ ግን ከእናቲቱ የመጡ ሕያዋን በላተኛ ሕዋሳት አሉ፤ ቀደም ብለን የጠቀስነው ዓይነት ጀርምን የሚይዝ ንጥረ ነገርም በብዛት አለ። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ በላተኞች ገና አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ይህ ስንቁ ነው። ስለሆነም ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ፣ እስከ ስድስት ወርም ከጡት ሌላ ምንም አለመቅመስ ይኖርበታል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በላተኞቹ ሲሳካላቸው ነው። የማይሳካላቸውም ጊዜ አለ።

የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ወደ ሳንባ ሲገባ ማክሮፌጁ እንደ ልማዱ ይውጠዋል። ጀርሙ ግን የሚፈጨው ፈሳሽ ወደ እርሱ እንዳይቀላቀል ያግዳል፤ በበላው ሕዋስ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል፣ ይባዛልም። ሌሎች ሕዋሳት መጥተው ዙሪያውን አጥር ይሠሩበታል። ጀርሙ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህ አጥር ጸንቶላቸው ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ረሀብ፣ የስኳር በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ሲመጣ አጥሩ ይፈርሳል። የነቀርሳ መድኃኒት ለወራት የሚወሰደውም ከተደበቀበት ቀስ በቀስ ስለሚያልቅ ነው፤ «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ አደጋ አለው። በደጋው አገር ፊት ላይ የሚወጣው ቁንጭርና በመተማና በሁመራ ቆላ የሚታወቀው ካላዛርም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የሁለቱም ተሕዋስያን ኑሯቸው በማክሮፌጅ ውስጥ ነው።

የማይፈጭ ነገርም አለ። በጭስ ቤት ውስጥ እንጨትና ኩበት እያነደደች እንጀራ የምትጋግር ሴት ጥቀርሻውን ከአየሩ ጋር ትስበዋለች። የሳንባዋ ማክሮፌጆች ይውጡታል፤ ጥቀርሻ ግን አይፈጭም። በእንዲህ ያለ ማዕድ ቤት የዋሉ ሴቶች አክታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በላተኞቹ ጥቁር ጠጠር የተሸከሙ ይመስላሉ። ሆዳቸው በጥቀርሻ የሞላ ሕዋሳት ጀርምን ለመብላት ይሰንፋሉ። በጀርባ የታዘለውም ሕፃን ያንኑ አየር ነውና የሚስበው በሳንባ ምች ይበልጥ ይጠቃል። ጭስ ማውጫ መክፈት፣ ከተቻለ ጭስ የሚቀንስ ምድጃ መሥራት፣ ቢያንስ ልጁን ከእሳቱ ማራቅ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን፤ ወደ እግር።

በደጋማው ቀይ አፈር አገር የምትኖር የ15 ዓመት ልጃገረድ በሐሳባችሁ ሣሉ። ውሃ ትቀዳለች፣ ከብት ትጠብቃለች፣ ለቤት ምርጊት ጭቃ ትረግጣለች፤ ይህን ሁሉ በባዶ እግሯ። ከጊዜ በኋላ የእግሯ ፊት ለፊት ክፍል ማሳከክ ይጀምራል። ማታ ማታ እግሯን ያቃጥላታል። ቆይቶም የእግሯ ጫማ፣ በተለይ ከጣቶቿ ሥር፣ አበጥ ይላል፤ ጠዋት ጎድሎ ማታ ይመለሳል። ለማንም አትናገርም። ዓመታት ሲያልፉ እብጠቱ አይጎድልም፤ ቆዳው ይጠነክርና ሽበት እንደወረሰው ድንጋይ ይሻክራል፤ ወደ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያም ወደ ባቷ ይወጣል። ጎረቤት «ዝሆኔ ያዛት» ይላል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ዘሯ ነው ይላል። ሊያጯት ያሰቡት ይቀራሉ። እኅቶቿም ጭምር «ከዚያ ቤት አይጋባም» ይባልባቸዋል።

ይህ በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። የእግርና የትቢያ በሽታ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት በአገራችን በሥጋ ደዌ ሕክምና የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ናቸው። ቀድሞ የእግር ዝሆኔ ሁሉ በትንኝ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ይመስል ነበር። ያኛው ዓይነት እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት ቆላ የሚገኝ ነው። ታዲያ ትንኙ በማይኖርበት ደጋ ያሉ ሰዎች ለምን እግራቸው ያብጣል? ፕራይስ በ1970ዎቹ ባካሄዱት ምርምር በሽታው ያለበትን ስፍራ ከአፈሩ ጋር አስተያዩ። ያገኙትም በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ፣ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት አገር መሆኑን ነው። ከዚያም ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት ንፍፊት የሚወጣበትን ዕጢ ወስደው በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ በበላተኞቹ ሕዋሳት ውስጥ ከአፈሩ የመጣ የደቀቀ ማዕድን ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው የማዕድን ብናኝ ከዱቄት ይልቅ የደቀቀ ነው። በተሰነጣጠቀ ተረከዝና በተጫጫረ ቆዳ በኩል ይገባል። በላተኛው እንደማንኛውም ባዕድ ነገር ይውጠዋል። በረኪናውንም አሲዱንም ይረጭበታል፤ ነገር ግን ድንጋይ አይፈጭም። በላተኛው ይቆስላል፣ ይሞታል፤ በውስጡ የነበረውም የሚያቃጥል ፈሳሽ በዙሪያው ይፈሳል። ብናኙን ሌላ በላተኛ መጥቶ ያነሣዋል፤ እርሱም እንደ ፊተኛው ይሆናል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ይህ በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ከሥጋ ውስጥ ትርፍ ፈሳሽን እየሰበሰቡ ወደ ደም የሚመልሱት ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ይቆስላሉ፤ ጠባሳ ሆነውም ይደፈናሉ። የቤታችሁ ፍሳሽ መውረጃ ሲደፈን ግቢው እንደሚጥለቀለቅ፣ መሄጃ ያጣው ፈሳሽም እግር ውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ እብጠቱን የሚያመጣው እሾሁን ያወጣልን ያው ጠባቂያችን ነው፤ ሥራውን አልተወም፤ የማይቻለውን ሥራ ሰጥተነው ነው እንጂ።

«ዘር ነው» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ? ፈጽሞ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በአንድ መንደር ሁሉም በአንድ አፈር ላይ ባዶ እግሩን እየሄደ የሚታመሙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ናቸው። በ2012 በወጣ በደቡብ የአገራችን ክፍል በተደረገ የዘረ መል ጥናት፣ አንዳንድ ሰው ሰውነቱ ለዚህ ብናኝ ይበልጥ እንዲቆጣ የሚያደርግ ነገር ከወላጆቹ ሊወርስ እንደሚችል ታይቷል። ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ በሽታው አይደለም። ያ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈሩ ጋር ካልተገናኘ አይታመምም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላትም፣ በአንድ አልጋ በመተኛትም፣ ቁስሉን በማጠብም አይያዝም። ስለዚህ ከዚያ ቤት ልጅ ማግባት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ልጆቹን ገና መሄድ ሲጀምሩ ጫማ ማልበስ ብቻ ነው።

በሽታው ጥቂት ሰው የሚነካ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳሉበት ተገምቷል። በወላይታ ተካሂዶ በ2006 የታተመ ጥናት ታማሚዎቹ ሊሠሩባቸው ከሚገባቸው ቀኖች ውስጥ 45 በመቶውን እንደሚያጡ ገልጿል። የእርሻ ቤተሰብ ግማሽ የሚጠጋውን የሥራ ጊዜ ቢያጣ ምን እንደሚከተል ለገጠር እናት አይነገራትም።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ነገር በጣም ተራ ነው፤ ጫማና ውሃ። በሰሜን አፍሪካ በአልጀሪያ፣ በቱኒዝያና በሞሮኮ ይህ በሽታ የነበረ ሲሆን ሕዝቡ ጫማ ማድረግን ሲያዘወትር ጠፍቷል። አዲስ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ እግር ተሸፈነ እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ጫማ አንዳንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ይኖርብናል። በብዙ ገጠር ጫማ የክት ነው። ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ ወደ እርሻና ወደ ወንዝ ሲኬድ ግን እንዳይበላሽ ተብሎ ይቀመጣል። እግሩ ከአፈሩ ጋር ዋናውን ጊዜ የሚያሳልፈው እዚያ በመሆኑ ጫማው የሚያስፈልገው ለሥራው ነው። ነጠላ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ሆኖም ትቢያውን አያስቀርም። እግርን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ፣ ኮንጎ ጫማም ቢሆን፣ ይበልጣል። ኮንጎ ጫማ እግርን ያልባል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ማጠብና ገልብጦ ማድረቅ፣ ከተገኘም ካልሲ ማድረግ ነው። የቤት ወለልም አፈር ነው፤ ቤት ገብቶ ጫማን አውልቆ በባዶ እግር መዋል ጥበቃውን ግማሽ ያደርገዋል። ጭቃ የሚረገጠውም ቦቲ ተደርጎ ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ እግርን መታጠብ ነው። ቆዳ ላይ ያለ ትቢያ ገና አልገባምና በሳሙና ይወገዳል። ልጆች ማታ ወደ መኝታቸው ከመሄዳቸው በፊት እግራቸውን እስከ ጉልበታቸው፣ በጣቶቻቸውም መካከል ጭምር ታጥበው በደንብ መድረቅ አለባቸው። ተረከዝ የተሰነጣጠቀ እንደሆነ ቫዝሊን መቀባት ስንጥቁን ይዘጋዋል። ደግሞ አንድ ነገር እንታዘባለን። በባህላችን ማታ ማታ የእንግዳና የባል እግር ይታጠባል፤ ደግ ልማድ ነው። አጣቢዋ ግን ጎንበስ ቀና ስትል አምሽታ የራሷን እግር ሳትታጠብ የምትተኛበት ቤት ብዙ ነው። ውሃውን ከወንዝ ያመጣችው እርሷ፣ ጭቃውን የረገጠችው እርሷ! እንስራው ውስጥ ለእርሷም እግር የሚሆን ውሃ ይቀመጥ። ባሎችም ይህን ዓምድ የምታነቡ ከሆነ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

በሽታው የጀመራት ሴትስ ምን ታድርግ? ተስፋ ቆርጣ መደበቅ የለባትም። ገና ማሳከክና ማታ ማታ ማበጥ ላይ እያለ ከተደረሰበት እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። በጣም ከቆየ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ይቀንሳል። የሚደረገውም ይህ ነው፦ እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፤ የጤና ባለሙያ በሚያሳየው መጠን የበረኪና ጠብታ በገባበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ መዘፍዘፍ፤ በጥንቃቄ ማድረቅ፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፤ ባለሙያ በሚያስተምረው መንገድ በፋሻ መጠቅለል፤ ጫማና ካልሲ ማድረግ፤ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ እግር በድንገት የሚቆጣበትን ሕመም መቀነሱን አረጋግጧል። ከጥናቱ በፊት አንዳንዶች ይህን ሕክምና «የድሃ ማጽናኛ» አድርገው ያዩት ይሆናል፤ አሁን ግን ማስረጃ ያለው ሕክምና ነው።

ያ ድንገተኛ ሕመም አንዳንድ ጊዜ «ምች» ወይም «ቡዳ» ይባላል። በድንገት ይበርዳል፣ ያንቀጠቅጣል፤ እግሩ ይግላል፣ መንካት እስኪያስቸግር ያማል፤ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል። በተዘጋው ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ በላተኞቹ እየታገሉ ነው ማለት ነው። ታማሚዋ ለብዙ ቀን ከሥራ ትውላለች። በዚህን ጊዜ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማብረድ፣ ፈሳሽ አብዝቶ መጠጣትና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በፍጹም መደረግ የሌለበት ነገር ደግሞ አለ። እግሩ በምላጭ አይበጣ፤ በጋለ ብረት አይተኮስ፤ ቡና ወይም ፍግ አይለጠፍበት። ለጀርም በር መክፈት ይሆናል።

አንድ የመጨረሻ ችግር ብዙዎቹን እቤት ያስቀራቸዋል። እግራቸው ከማበጡ የተነሣ ገበያ ላይ የሚገኝ ጫማ አይገባላቸውም። በወላይታ ሶዶ ለዚህ በሽታ ታማሚዎች በእግራቸው ልክ ሰፋፊ ጫማ የሚሰፋባቸው ቤቶች ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ከሰፊዎቹም መካከል ራሳቸው ታመው የታከሙ ሰዎች ነበሩ። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሥራ የሌለ እንደሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ፤ የት መሄድ እንደሚቻል ትነግራችኋለች። ጫማ ሰፊ ዘመድ ያላችሁም የታማሚዋን እግር ፋሻው እንደተጠቀለለ ይለካ፤ ፊቱ ለስላሳ ቆዳ ይሁን፤ ማሰሪያውም እብጠቱ ሲቀንስ የሚጠብቅ ይሁንለት።